በጥርስ የሚሰሙት ሰውና ወገብ የሌላት ተርብ

ጋሽ ጆሮ የሚሰሙት በጥርሳቸው ነው። ይህን ሲነግሩት የማይስቅ ሰው የለም፤ ሥራቸውን ቆሞ አይቶ የሳቀ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ሙያቸው የሰው ቤት እንጨት መመርመር ነው። አንድ ሰው አሮጌ ቤት ሊገባ ሲያስብ ወይም የጣራው መንቋቋት ሲያሳስበው "ጋሽ ጆሮ ይምጡና ይዩት" ይባላል። ይመጣሉ። የቆዳ ቦርሳቸውን ወለሉ ላይ ቁጭ አድርገው ከውስጡ ሦስት ነገር ያወጣሉ፦ ከእንቁላል የማትበልጥ መዶሻ፣ አንድ ክንድ የምትሆን ቀጭን የብረት ዘንግ፣ ቁራጭ ጠመኔ። በቃ! ምሰሶውን በመዶሻዋ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርጉታል። ከዚያ የዘንጓን አንድ ጫፍ እንጨቱ ላይ ተክለው፣ ሌላውን ጫፍ በፊት ጥርሳቸው ነከስ አድርገው፣ ሁለት ጆሯቸውን በጣታቸው ደፍነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ።

ጥበቡ ያለው መቆሙ ላይ ነው። እንጨት ውስጥ የሚኖር ትል ደጁ ሲንኳኳበት ዝም ይላል፤ እንግዳ ሲመጣ መብራት አጥፍቶ እንደሚደበቅ ሰው ማለት ነው። ችኩል አናጢ ይሄን ዝምታ ሰምቶ "ጤነኛ ነው" ብሎ ዕቃውን ይሰበስባል። ጋሽ ጆሮ ግን በልባቸው እስከ ሁለት መቶ ይቆጥራሉ። የቤቱ ባለቤት ይሰለቻል፣ እግሩን ይቀያይራል፣ "አንቀላፉ እንዴ?" ብሎ ሚስቱን በዓይኑ ይጠይቃል። መቶ ሰማንያ ላይ ትሉ "ሄደዋል" ብሎ ይደፍርና ማኘኩን ይቀጥላል። ድምፁ በዘንጓ ይመጣል፣ በጥርሳቸው ይገባል፣ ራስ ቅላቸው ውስጥ ክርትፍ ክርትፍ ይላል። ያን ጊዜ ዓይናቸው ብርግድ ይላል። በጠመኔ መስቀለኛ ምልክት አድርገው "እዚህ ውስጥ ሰው አለ" ይላሉ። እንጨቱ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ክብ ይስሉበታል።

ይህን ዘዴ የተማሩት ከአጎታቸው ነው። አጎትየው አናጢ ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ከመጋዝ ማሽን ጎን ሲሠሩ ጆሯቸው ደነቆረ። ታዲያ ዜና ሳይሰሙ መዋል አይችሉም ነበርና ረጅም ምስማር ነክሰው፣ የምስማሩን ጫፍ ሬዲዮኑ ሣጥን ላይ አስደግፈው ያዳምጡ ነበር። አንድ ቀን ሬዲዮኑን አጥፍተው ምስማሩን ሳይተፉ ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ሲሉ፣ አንድ ፍጡር የሚሠሩበትን ጠረጴዛ ከውስጥ እየበላው ሰሙ። "ና ስማ! ጠረጴዛዬ ምሳ እየተበላ ነው!" ብለው የእህታቸውን ልጅ ጠሩ። ያ ልጅ ዛሬ የስልሳ ሦስት ዓመት አዛውንት ነው። በሠላሳ አራት ዓመት ሥራቸው የጋሽ ጆሮ ክብ ያረፈበት እንጨት ተበልቶ የተገኘበት ጊዜ የለም። አንድም!

እንግዲህ ያለፈው ክረምት ሲወጣ የጥርስ ሐኪሙ አፋቸውን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ድዱ አልቋል አባቴ። እነዚህ ጥርሶች እስካሁን የቆሙት በልማድ ነው።"

የላይኛው በሙሉ፣ ከታችም የፊት የፊቱ ተነቀለ። በምትኩ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተገጠመላቸው። እውነቱን ለመናገር ከድሮው ያምር ነበር። ጋሽ ጆሮ ለአንድ ሳምንት ምክንያት እየፈለጉ ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸው፣ ከአፏ ቁልፍ ስለማይጠፋ ሰፈሩ እትዬ ቁልፍ የሚላት፣ "ኧረ ዝጋው አንተ ሰውዬ፣ ዝንብ ይገባል" ትላቸው ነበር።

ሥራቸውንም ቀጠሉ። ዘንጓን በአዲሱ ጥርስ ነክሰው አሥራ አንድ ቤት መረመሩ። የሚገርመው አሥራ አንዱም ጤነኛ ሆነ! ክብ፣ ክብ፣ ክብ።

"ዘንድሮ እንጨቱ ሁሉ ተባርኳል" አሏት ለሚስታቸው።

"ትሎቹስ የት ሄዱ? ለዕረፍት ወጥተው ነው?" አለች እትዬ ቁልፍ፣ ከስፌት ማሽኗ ቀና ሳትል።

እሳቸው ሳቁ። ሳቁ እንጂ አባባሏ ሆዳቸው ውስጥ እንደ እሾህ ቀርቶ ነበር፤ ደጋግመው ሊያወጡት ሞከሩ፣ አልወጣም።

አሥራ ሁለተኛው ሥራ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ነው። በግቢው ጥግ ረጅም በረንዳ ያለው የቆየ ቤት አለ። የበረንዳው ጣራ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚመታቸው ሰባት የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ያረፈ ነው። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የመጀመሪያ ክፍል ሕፃናት ወደዚያ ሊዛወሩ ታስቧል። ጋሽ ጆሮ ረቡዕ ዕለት ሰባቱንም ምሰሶዎች አንኳኩ፣ ነከሱ፣ ቆጠሩ። ሰባት ክብ ስለው ሄዱ። የቀረው ሐሙስ መጥተው የምስክር ወረቀቱ ላይ መፈረም ብቻ ነበር።

ሐሙስ ሲመጡ የሥነ ሕይወት መምህርቷን በረንዳው ላይ ተንበርክካ አገኟት። ነጭ ካፖርቷ ጉልበቱ ላይ አቧራ በአቧራ ሆኗል፤ አፍንጫዋ አምስተኛውን ምሰሶ ሊነካ ምንም አልቀረውም።

"ጋሼ! ቀስ ብለው! እንዳይተነፍሱ!"

"መተንፈሱንስ እተነፍሳለሁ ልጄ። ምን ጠፋብሽ?"

"ምንም አልጠፋብኝም፤ አገኘሁ እንጂ! ሃያ ዓመት በመጽሐፍ ያስተማርኳትን ዛሬ በዓይኔ አየኋት። ይምጡ፣ ይምጡ፣ በቀስታ!"

ጋሽ ጆሮ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ጎንበስ አሉ። እንጨቱ ላይ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ ፍጡር ትሯሯጣለች። ከፊት ጥቁር ናት፣ ኋላዋ ቀይ ነው፣ እግሮቿ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለባት። ጉንዳን መሰለቻቸው።

"ተርብ ናት" አለች መምህርቷ በሹክሹክታ። "ጥገኛ ተርብ ናት፤ ልጆቿ የሚያድጉት እንጨት ውስጥ ያለውን የጢንዚዛ ትል በልተው ነው። ወገቧን ይዩት፣ ወገብ የላትም! ሌሎቹ ተርቦች መሐላቸው እንደ ክር የቀጠነ ነው። የእሷ ቤተሰብ ግን ያ ቅጥነት ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው፤ ዘር ማንዘሯ ዳይኖሰሮች ሲርመሰመሱ እዚሁ ምድር ላይ ነበሩ። በዓለም ላይ የሚታወቁት ዓይነቶቿ መቶ እንኳን አይሞሉም ይባላል። ይህን የሚያጠኑ ሰዎች ራሳቸው በሕይወት ሳያዩዋት ጡረታ ይወጣሉ፤ እሷ ግን ይኸውና እኛ በረንዳ ላይ ትሮጣለች!"

"እና ምን እየሠራች ነው?"

"ይመልከቱ።"

ተርቧ መሮጧን አቆመች። አንቴናዎቿ እንደ ሌሎቹ ነፍሳት ከግንባሯ አልበቀሉም፤ ከዓይኖቿ በታች፣ አፏ አጠገብ ነው የወጡት። ጫፋቸውን አጠፍ አድርጋ እንጨቱን ታ፣ ታ፣ ታ መታችው። ከዚያ የፊት እግሮቿን እንጨቱ ላይ ጫን አድርጋ ቀጥ አለች። ትንሽ ተራመደች፣ እንደገና መታች፣ እንደገና ቀጥ አለች።

ጋሽ ጆሮ አፋቸው ተከፈተ።

"ታንኳኳለች!"

"ታንኳኳለች፤ መልሱን ደግሞ በእግሯ ትሰማለች። ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ የእንጨቱን ንዝረት የሚለይ ነገር አላት። ትሉ የት እንዳለ የምታውቀው በዚያ ነው ይላሉ ሊቃውንቱ።"

"በእግሯ!" ጋሽ ጆሮ እንደ ሕፃን ጭናቸውን መቱ። "ወይ ጉድ! እኔ እኮ ይህን ሥራ ብቻዬን የምሠራ መስሎኝ! የሙያ ባልደረባዬ ናታ! ዳይኖሰር እያለ የጀመረች ባልደረባ! አንቺ፣ ማን አስተማረሽ? አጎት አለሽ?"

መምህርቷ ሳቋን አፍና እጃቸውን ያዝ አደረገች። ተርቧ ቦታ መርጣለች። ሰውነቷን ዝቅ አድርጋ ከሥሯ የፀጉር ያህል የቀጠነች መርፌ አወጣች፤ መርፌዋ ቀስ በቀስ እንጨቱ ውስጥ ትሰምጥ ጀመር።

"ያቺ መርፌ ከባለቤቷ ትረዝማለች" አለች መምህርቷ። "ሆዷ ውስጥ እንደ ሜትር ተጠቅልላ ነው የምትቀመጠው። በእሷ ነው እንቁላሏን የምታኖረው። እንግዲህ ትሉ ያለው ልክ እዚያ..."

ያኔ ነው ሁለቱም እኩል ያዩት። ተርቧ የቆመችው ነጭ የጠመኔ ክብ መሐል ነበር።

ጋሽ ጆሮ የራሳቸውን ክብ ዙሪያውን በዓይናቸው ዞሩት። ከሜዳው የልጆች ጩኸት ይሰማል።

"ልትሳሳት አትችልም?" አሉ።

"ማንም ይሳሳታል ጋሼ" አለች መምህርቷ፣ ድምፅዋን አለዝባ። "ግን ትል የሌለበት እንጨት ውስጥ እንቁላሏን ብትጥል ልጇ በረሃብ ይሞታል። እንዲሁ በግምት የምትሠራ ብትሆን ኖሮ ዘሯ ይህን ሁሉ ዘመን አይዘልቅም ነበር።"

ተርቧ መርፌዋን ስባ በረረች። ጋሽ ጆሮ ዘንጓን አውጥተው እዚያው ክቡ አጠገብ ተከሉና ነከሱ። ሁለት መቶ ቆጠሩ። አራት መቶ ቆጠሩ። ምንም የለም። ትል ያልገባበት እንጨት ሲነከስ እንኳ የራሱ ድምፅ አለው፤ ነፋሱ፣ ጣራው፣ የሚሮጥ ሕፃን እርምጃ ሁሉ በእንጨቱ ይመጣል። አሁን የሚሰሙት ግን ጥጥ የነከሱ ያህል ነበር። እንዲህ ከሆነ ስንት ወራቸው ነው? ልባቸው መልሱን ያውቀዋል፤ አሥራ አንድ ቤት ሙሉ ያውቀው ነበር።

"ፊርማውን ለነገ እናድርገው" ብለው ቦርሳቸውን አንስተው ሄዱ።

ቤት ሲደርሱ እትዬ ቁልፍ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ጋሽ ጆሮ ሰላም ሳይሉ ዘንጓን ነክሰው ጫፏን ስፌት ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ተከሉ።

"ይሄ ሰውዬ ለየለት!" አለች።

"ርገጪው።"

ረገጠችው። ማሽኑ ተንጫጫ፤ ዘንጓ ላይ የደረሰው ግን የሩቅ ዝናብ የሚመስል ነገር ነው። ጋሽ ጆሮ ሰው ሠራሹን ጥርስ አውጥተው የዩኒፎርሙ ጨርቅ ላይ አስቀመጡት።

"ኧረ አንሳልኝ! የሰው ልጅ ልብስ ነው!"

"ርገጪ ብዬሻለሁ!" ቃሉ ከባዶ ድዳቸው ሲወጣ እየተንሸራተተ ነበር። የዘንጓን ጫፍ አገጫቸው ላይ ሞከሩ። ትንሽ ይሻላል። ጉንጫቸው አጥንት ላይ፣ ግንባራቸው ላይ። እትዬ ቁልፍ እየረገጠች፣ ሳቋ እየታፈነ ታያቸዋለች። በመጨረሻ ጫፏን ከጆሯቸው ጀርባ ካለው ጉብ ያለ አጥንት ጋር ሲያገናኟት ዘለው ተነሡ። ማሽኑ ጭንቅላታቸው ውስጥ ገብቶ የሚሰፋ ነበር የመሰላቸው! የመርፌውን መውጣትና መግባት፣ የክሩን መሳብ፣ የፔዳሉን ማቃሰት አንድ በአንድ ለዩት።

ወዲያው ግን ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

"ጥርሱ ነው" አሉ። "ጥርሱ ነው ያደነቆረኝ። ትሎቹ የትም አልሄዱም።"

የተርቧን ነገር ከመጀመሪያው ነገሯት። እትዬ ቁልፍ ማሽኑን አቆመች።

"ስለዚህ ትምህርት ቤት ሄደህ ትናገራለህ።"

"ክቡ ጠመኔ ነው" አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። "በእርጥብ ጨርቅ ይጠፋል። ጠዋት ቀደም ብዬ ብሄድ አጥፍቼ መስቀለኛውን እስልበታለሁ። ማንም አያውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት እኮ ነው አንቺ፤ ሠላሳ አራት ዓመት አንድ ቀን ሳልሳሳት!"

"አሥራ አንዱ ቤትስ? በእርጥብ ጨርቅ ሰው ሲተኛ እየገባህ ልታጠፋ ነው?"

እትዬ ቁልፍ ጥርሱን በሁለት ጣቷ አንሥታ አጥባ በብርጭቆ ውኃ አስቀመጠችላቸው።

ዓርብ ጠዋት ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገቡ። ወጣት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ነገር ሁሉ ጠርዙ ተስተካክሎ የተቀመጠ ሰው። የምስክር ወረቀቱን ገፋ አደረገላቸው። ጋሽ ጆሮ ወረቀቱን ትተው መሐረብ ውስጥ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ ፈቱ። ርእሰ መምህሩ ከወንበሩ ጋር ወደ ኋላ ሸሸ።

"ይሄ ጥርሴ ነው" አሉ። "በእሱ ነው ምሰሶዎችህን የመረመርኩት። በእሱ ደግሞ አይሰማም። ሰባቱም ክብ ዋጋ የለውም፤ አምስተኛው ግን በእርግጠኝነት ተበልቷል።"

"በእርግጠኝነት? አሁን ሰምተው ነው?"

"እኔ አልሰማሁም። ተርቧ ናት የሰማችው።"

ርእሰ መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። "ጋሽ ጆሮ፣ ለወላጆች ሁሉ ደብዳቤ በትኛለሁ። ሰኞ ነው። በእርስዎ ክብ ላይ ተርብ ትበልጣለች እያሉኝ ነው?"

"ትናንት በልጣለች። ምሰሶውን አስቆርጠህ ውስጡን እይ። ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ አዲስ ምሰሶ በገዛ እጄ አቆምልሃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጋሽ ጆሮ የሚለኝ ሰው አይኖርም።"

ርእሰ መምህሩ ጥርሱን አየ፣ ሰውየውን አየ። ከዚያ ተነሥቶ አናጢዎቹን ጠራ።

ጣራውን በጊዜያዊ ድጋፍ አስያዙት። መምህርቷ ሮጣ መጥታ ተርቧ የወጋችበት ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች፦ "ከዚህ በታች! ከዚህ በታች ቁረጡ! እዚህ ውስጥ እንቁላል አለ!" አናጢዎቹ ተያዩ፤ ቢሆንም እንደታዘዙት ሁለት ስንዝር ዝቅ ብለው መጋዙን አሳረፉ። የመጀመሪያው ጣት ያህል ጠንካራ ነበር፤ የሰጋቱራው ሽታ ደስ ይላል። ከዚያ መጋዙ ድንገት ያለ አንዳች ትግል ሰመጠ። እንጨቱ ሲለያይ ዱቄት እንደ ውኃ ፈሰሰ። ውስጡ ጣት በሚያህሉ መንገዶች ተቦርቡሯል፤ አንዱ መንገድ ጫፍ ላይ ነጭ፣ ወፍራም ትል በብርሃኑ ተደናግጦ ይገላበጣል።

ርእሰ መምህሩ ከራሱ በላይ ያለውን ጣራ ቀና ብሎ አየና ግንባሩን ጠረገ።

"ሰኞ ይቀራል" አለ።

መምህርቷ እንቁላሉ ያለበትን ግንድ እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ወሰደችው። ጋሽ ጆሮ ተከትለዋት እስከ በሩ ሄዱና፣ ባዶ ድዳቸውን በእጃቸው ሸፍነው፣ "ስትፈለፈል አደራ፣ ጥሪኝ" አሏት። ቀሪዎቹን ስድስት ምሰሶዎች ለጊዜው በድጋፍ እንዲያዙ አደረጉ፤ እነሱን ከመንካታቸው በፊት አዲሱን ዘዴ በቁም ነገር መልመድ ነበረባቸው። ቅዳሜንና እሑድን ስፌት ማሽኑን፣ የግድግዳውን ሰዓት፣ የጎረቤትን የውኃ ቧንቧ ከጆሯቸው ጀርባ ሲያዳምጡ ዋሉ።

ሰኞ ጠዋት የአሥራ አንዱን ቤት ስም የያዘ ወረቀት ኪሳቸው ከትተው ወጡ። እትዬ ቁልፍ ሱቋን ዘግታ አብራ ወጣች።

"አንቺ ደግሞ ወዴት?"

"ያለ ጥርስ ስትናገር ማን ይረዳሃል? እኔ አስተረጉማለሁ።"

በየደጁ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ "ስመረምር ጥርሴ አታሎኛል፤ ከፈቀዳችሁ እንደገና ልይ።" የመጀመሪያው ቤት ሰውዬ በሩ ላይ አቁሞ ግማሽ ሰዓት ወቀሳቸው። ጋሽ ጆሮ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ሰሙት፤ ሲጨርስ "እውነትህን ነው" ብለው ገቡ። ያ ቤት ደህና ነበር። በሁለተኛው ቤት ሻይ አፈሉላቸው። እሱም ደህና። ሦስተኛውም። ግን ደህና ነው ወይስ አሁንም አልሰማ ብሏቸው ነው? ዘንጓን ቦርሳው ውስጥ ከተው መልሰው አወጧት። እትዬ ቁልፍ አየችና ቦርሳውን ተቀብላ ያዘችላቸው።

አራተኛው ቤት የአንዲት ባልቴት ነው። ሳሎኑ መሐል ወፍራም ምሰሶ አለ፤ ባልቴቷ የልጅ ልጆቿን ፎቶ ሰቅላበታለች። ጋሽ ጆሮ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አውርደው፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አደረጉ። ዘንጓን ከጆሯቸው ጀርባ አጥንቱ ላይ ደገፉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አምሳ። መቶ። ባልቴቷ ቁጭ አለች። መቶ ሃምሳ። መቶ ዘጠና። ሁለት መቶ አለፈ፤ አልተነቃነቁም። ሁለት መቶ አርባ ላይ ከእንጨቱ ሆድ፣ ከሩቅ፣ ክርትፍ አለ። ቆመ። ክርትፍ ክርትፍ።

ጋሽ ጆሮ ባዶ አፋቸው እስከ ጆሯቸው ተከፍቶ ሳቁ። ዕንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል።

"ምን ያስቅዎታል?" አለች ባልቴቷ ግራ ገብቷት።

"ሰማሁት! ሰማሁት እኮ!" አሉና ወዲያው የሰው ቤት ውስጥ መሆናቸው ታወሳቸው። ፊታቸውን ሰበሰቡ፣ ጎንበስ ብለው እጇን ያዙ። "ይቅር በይኝ እህቴ፤ ምሰሶሽ ታሟል። ዛሬውኑ ድጋፍ እናቆምለታለን።"

እትዬ ቁልፍ ማስተርጎም አላስፈለጋትም። ወረቀቱን አውጥታ ቀጣዩን ቤት ማንበብ ጀምራለች።